የጋሼ ፍላሽ፣ የሌሊት ፓኬጅና እኔ ፕሮግራሚንግ የለመድኩባቸው ቦታዎች

ሰላም ናችሁ? ከጻፍኩ ቆየሁ አውቃለሁ፣ ሰበብ አልደረድርም። ሰሞኑን ሁለት ሶስት ልጆች "ፕሮግራሚንግ ከየት ልጀምር፣ ሊንክ ላክልኝ" እያሉ ሲጠይቁኝ ለእያንዳንዳቸው ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ይሄንኑ ልላክላቸው ብዬ ነው። ግን ሊስት አይደለም የምጽፈው። ሊስትማ ሞልቷል፣ ቴሌግራም ላይ "100 ነፃ ኮርሶች" የሚል ነገር በቀን አምስቴ ይመጣል፣ ሁላችንም ሴቭ እናደርገዋለን፣ ማንም ተመልሶ አይከፍተውም። እኔ ራሴ ሴቭድ ሜሴጄ ውስጥ ያለውን ባሳያችሁ ታፍሩልኛላችሁ።

ለማታውቁኝ፣ ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሰራው። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ እድሜ የጠገበ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ ላሚኔሽን፣ ግንቦትና ሰኔ ሲደርስ ደግሞ የተመራቂ ሪሰርች ስለሆነ እንቅልፍ የለም። ኮምፒውተር ሳይንስ አልተማርኩም። ነገሩ ሁሉ የጀመረው በፍላሽ ነው።

ሾርትከት ቫይረስ የምንለውን የማያውቅ ካለ እድለኛ ነው። ደንበኛ ፍላሹን ይሰካል፣ ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ቁጭ ይላሉ፣ ልጅቷ "ሪሰርቼ ጠፋ!" ብላ እንባዋ ይመጣል። አልጠፋም እኮ፣ ቫይረሱ ዋናዎቹን ፎልደሮች ደብቆ በስማቸው የውሸት ሾርትከት አስቀምጦ ነው፣ ያንን ሾርትከት ስትነኩት ደግሞ ራሱን ቫይረሱን ነው የምትቀሰቅሱት። መፍትሄው ትእዛዝ የሚጻፍባት ጥቁሯ መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕት) ላይ አትሪብ የምትባል ትእዛዝ ናት፣ ድብቅ፣ ሲስተምና ሪድ ኦንሊ የሚሉትን ምልክቶች ከፋይሎቹ ላይ ታነሳና ሁሉም ነገር ብቅ ይላል። ትእዛዟን ከኢንተርኔት ገልብጬ በወረቀት ጽፌ ሞኒተሩ ላይ ለጥፌያት ነበር፣ ምን እያልኩ እንደምጽፍ ሳላውቅ እንደ ጸሎት እደግማታለሁ። ደንበኛው "ጎበዝ ልጅ" ብሎኝ ይሄዳል።

በኋላ በቀን አስር ጊዜ መጻፉ ሲሰለቸኝ ኖትፓድ ላይ ጽፌ ባች ፋይል አድርጌ አስቀመጥኳት፣ ሁለቴ ክሊክ ሳደርግ ራሷ ትሰራለች። አንድ እሁድ አሞራ ገደል አሳ እየበላን (ጥሬውን ከነዳጣው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከኋላችን ተሰልፈው) ለጓደኛዬ ይሄንን ስነግረው "አንተ፣ እሱ እኮ ፕሮግራም ነው፣ ፕሮግራም ጽፈሃል" አለኝ። የቀለደብኝ መስሎኝ ነበር።

እሱ ነው ሲኤስ ፊፍቲ (CS50) ስለሚባለው የነገረኝ። የሃርቫርድ የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ ነው፣ አስተማሪው ዴቪድ ማላን ይባላል፣ ሙሉው ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ችግሩ ዳታ ነው። ቀን ላይ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ማየት ማለት የምሳ ብርህን ማየት ማለት ነው፣ ስለዚህ የሌሊት ፓኬጅ እየገዛሁ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ተነስቼ አስወርዳለሁ፣ ቀን ደንበኛ ሳይኖር አያለሁ። መሀል ላይ መብራት ሲሄድ ሰማንያ ፐርሰንት የደረሰ ፋይል ከዜሮ ይጀምር ነበር፣ ደብልዩጌት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም እስካገኝ ድረስ። በጥቁር መስኮት ነው የሚሰራው፣ ሲ የምትባል አማራጭ ከጨመራችሁበት ሰርቨሩ እስከፈቀደ ድረስ የተቋረጠውን ካቆመበት ይቀጥላል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄንን ውሰዱ፣ የምሬን ነው።

ማላን መጀመሪያው ክፍል ላይ የስልክ ማውጫ መጽሐፍ ይዞ መጥቶ ስም ሲፈልግ መሀሉን ይከፍታል፣ የሚፈልገው ስም ከዚህ በኋላ ነው ካለ የፊተኛውን ግማሽ ቀዶ ይጥላል፣ የቀረውን እንደገና መሀሉ ላይ። ሺ ገጽ ቢኖር አስር ጊዜ ገደማ ግማሽ በማድረግ ይደርሳል። በጣም ገብቶኝ የእድራችንን መዝገብ ሳስበው ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም የኛ መዝገብ በፊደል ተራ ሳይሆን በገቡበት ቅደም ተከተል ነው፣ አንዱን ግማሽ ብትቀደው በቃ ግማሹን ሰፈር ሳትቀብር ትቀራለህ።

ፍሪኮድካምፕንም ሞክሬዋለሁ፣ ከ2014 (በፈረንጅ) ጀምሮ ያለ ነው፣ ትምህርቱም ሰርተፊኬቱም በነፃ፣ እዛው ብራውዘሩ ላይ እየጻፋችሁ ነው የምትለማመዱት። ጥሩ ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለስምንት ወር ያህል ቪዲዮ ሳይ ሁሉም ይገባኛል፣ ባዶ ፋይል ስከፍት እጄ ይደርቃል። አይቶ መረዳትና መስራት ለካ አይገናኙም፣ የሚሰራ ነገር አልነበረኝማ።

ጋሼ እስኪመጡ ድረስ።

ጋሼ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ናቸው። አንድ ቀን ፍላሽ በመሀረብ ጠቅልለው ይዘው መጡ። "አንተ ልጅ፣ የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ እዚህ ውስጥ ነው፣ የታተመው ኮፒ ጠፍቶብን ሶስት ዓመት ስንጨቃጨቅ ኖረናል፣ እስቲ አውጣልኝ።" ከፈትኩት። ገጹ በሙሉ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ ፐርሰንት፣ ዝብርቅርቁ የወጣ። "ቫይረስ በላው?" አሉኝ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ "ጋሼ፣ ቫይረስ አይመስለኝም፣ ግን ምን እንደሆነም አላውቅም፣ ይተዉልኝና ልየው" አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ስርዓት) የኛን ፊደል ያስገባው በ1999 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በሶስተኛው እትሙ ነው። ከዛ በፊት፣ ከዛ በኋላም ለብዙ ዓመት፣ አማርኛ የሚጻፈው ኮምፒውተሩን በመሸወድ ነበር፣ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፣ ፎንቱ ግን በዛ ቦታ የግዕዝ ፊደል ስዕል ያሳያል። ፎንቱ ካለ አማርኛ ታያለህ፣ ፎንቱ ከሌለ ዝብርቅርቅ። በዛ ላይ የኛ ፊደል ከሁለት መቶ ስለሚበልጥ አንድ ፎንት አልበቃ እያለ ለሁለት የሚከፍሉት ነበሩ፣ ሌሎቹ ደግሞ አንዱን ፊደል በሁለት ምልክት ነው የሚሰሩት፣ መጀመሪያ ግንዱ ከዛ ቅጥያው። ስንት የእድር፣ የቀበሌ፣ የቤተክርስቲያን ሰነድ እንደዚህ ሆኖ በየፍላሹ እንደተኛ አስቡት።

እንግዲህ ፍለጋው እዚህ ላይ ነው የተጀመረው፣ ያኔ የገባኝ ነገር ደግሞ "ምርጥ ኮርስ የቱ ነው" ብዬ ስጠይቅ የኖርኩት ጥያቄ ራሱ ትክክል አለመሆኑ ነው። የሚሰራ ነገር ስትይዝ የምትፈልገው ኮርስ አይደለም፣ እንደ አንተ የተቸገረ ሰው ጽፎ የተወው ነገር ነው። እሱን ለማግኘት ደግሞ የነገሩን ስም ማወቅ አለብህ። "አማርኛ የተበላሸ ፋይል" ብዬ አንድ ሳምንት ፈለግኩ፣ ቫይረስ ማጥፊያ ብቻ ነው የመጣልኝ። "ዩኒኮድ ያልሆነ የግዕዝ ፎንት መቀየሪያ" የሚለውን በእንግሊዝኛ ስጽፍ ግን በሩ ተከፈተ። የሰውን ስም ሳታውቅ ሰፈር ገብተህ "እንትናን አይታችኋል?" እንደማለት ነው የነበረው።

ጊትሀብ ላይ (ሰዎች የጻፉትን ኮድ አስቀምጠው የሚጋሩበት ሳይት ነው) ይሄንኑ የሚሰራ ትንሽ ፕሮጀክት አገኘሁ። የሆነ ሰው ከዓመታት በፊት ጽፎት የተወው፣ ፎንቱ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ምልክት ከዩኒኮድ ፊደሉ ጋር የሚያዛምድ ሰንጠረዥ ያለው፣ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈ። አወረድኩት፣ አስነሳሁት፣ ኤረር። ያኔ ነው እንግዲህ ማንበብ የተማርኩት፣ ኤረሩ ብዙ መስመር ቢሆንም ዋናው ነገር መጨረሻዋ መስመር ላይ እንዳለች፣ እሷን ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ የራስህን ፎልደር ስም ቆርጠህ መጣል እንዳለብህ፣ እነዚህን ማንም ኮርስ ላይ አልነገረኝም (ወይ ተነግሮኝ አልሰማሁም)።

ሌላው ዶክመንቴሽን ነው፣ ቋንቋው ወይም ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚሰራ የሚያስረዳው መመሪያ። እኔ ዶክመንቴሽን ማለት ለሊቃውንት የተጻፈ ይመስለኝ ነበር። የፓይተን ሙሉ ዶክመንቴሽን ከዋናው ሳይቱ ላይ ታሽጎ ይወርዳል፣ ከአንድ ሙሉ ቪዲዮ ያንሳል፣ ያለ ኢንተርኔት ታነቡታላችሁ፣ ውስጡ ለጀማሪ የተጻፈ መማሪያ አለው። እሱን እንኳ መክፈት ከሰነፋችሁ ፓይተን ላይ ሄልፕ ብላችሁ በቅንፍ የነገሩን ስም ብትጽፉ ራሱ ይነግራችኋል። ለድረ ገጽ ስራ ደግሞ የሞዚላውን ኤምዲኤን የሚያህል የለም። ዴቭዶክስ የሚባለው የብዙ ቋንቋዎችን ዶክመንቴሽን አንድ ላይ ሰብስቦ የመረጣችሁትን ብራውዘራችሁ ላይ አስቀምጦላችሁ ኢንተርኔት ሲጠፋም ይከፈታል። ኪዊክስ የሚባል አለ፣ ከ2007 ጀምሮ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ የተሰራ፣ ግን ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚጠያየቁበትን ስታክ ኦቨርፍሎውንም እንዳለ አሽገውታል። እሱስ ከባድ ነው፣ ብዙ አስር ጊጋ ነው፣ ሃርድ ዲስክ ያለው ጓደኛ ይኑራችሁ።

እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አስቡት፣ ኪዊክስ የሌላውን ሳይት እንዴት አሽጎ ያድላል? ሌብነት አይደለም እንዴ? አይደለም፣ ዊኪፒዲያም የስታክ ኦቨርፍሎው መልሶችም የወጡበት ፈቃድ ራሱ፣ ምንጩን እስከጠቀስክና በዛው ፈቃድ እስካወጣኸው ድረስ ኮፒ አድርገህ ማሰራጨት ትችላለህ ይላል። እኔ በዘመኔ ሁሉ ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ስጭን የኖርኩ ሰው ይሄ ነገር አስደነገጠኝ። ሰርቆ መጠቀምና ተፈቅዶልህ መጠቀም ስክሪኑ ላይ ልዩነቱ አይታይም፣ በሁለቱም ብር አትከፍልም።

ፈረንጆቹ በዚህ ቃል ሲቸገሩ አይቻለሁ፣ ነፃነትም "ያለ ክፍያ"ም በነሱ አንድ ቃል ነው፣ ሪቻርድ ስታልማን በ1983 ግኑ የሚባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ካሳወቀ ወዲህ ስንት ዓመት ሙሉ ሲያብራሩት ኖሩ። እኛ ግን አንድ ፊደል ጨምረን ጨርሰነዋል፣ "በ"። ነፃ ሌላ፣ በነፃ ሌላ። በነፃ የተሰጠህ ነገር ነፃ ላይሆን ይችላል።

ጊት የሚባለው፣ የኮድ ለውጦችን እየመዘገበ የሚያስቀምጠው ፕሮግራም፣ ታሪኩ ራሱ ይሄው ነው። ሊነክስ የሚባለውን የኦፕሬቲንግ ሲስተም ልብ በ1991 ተማሪ እያለ የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ከጓደኞቹ ጋር ኮዳቸውን የሚያስተዳድሩት ቢትኪፐር በሚባል የድርጅት ሶፍትዌር ነበር፣ በነፃ ተፈቅዶላቸው። በ2005 ባለቤቱ ፈቃዱን አነሳ። በቃ፣ በሩ ተዘጋ። ቶርቫልድስ ቁጭ ብሎ ጊትን ጻፈ፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበትን። የጎረቤት ቧንቧ በነፃ ትቀዳለህ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ አንድ ቀን ግን ቁልፍ ይገዛሉ። ኦፕን ሶርስን (ኮዱ ለማንም የተከፈተ ሶፍትዌር ማለት ነው) "ክፍት ምንጭ" ብሎ የተረጎመው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን እጁ ይባረክ፣ ምንጭ ላይ ማንም ቁልፍ አያደርግም።

(በነገራችን ላይ ሳታውቁት ስትጠቀሙ ኖራችኋል። ቪኤልሲ፣ ያቺ የመንገድ ኮን ምልክት ያላት፣ ፈረንሳይ ውስጥ የተማሪዎች ፕሮጀክት ሆና የጀመረች ናት፣ ከ2001 ጀምሮ ኮዷ ክፍት ነው። ስልካችሁ አንድሮይድ ከሆነ ደግሞ ስሩ ሊነክስ ነው።)

ወደ ጋሼ ፍላሽ። ፋይሉ የድሮው ዶክ ስለነበር መጀመሪያ በሊብረኦፊስ (እንደ ወርድ ያለ ክፍት ፕሮግራም ነው) ወደ አዲሱ ዶክኤክስ ቀየርኩት። ዶክኤክስ ለካ ዚፕ ፋይል ነው! ስሙን ወደ ዚፕ ቀይራችሁ ክፈቱት፣ ውስጡ ተራ ጽሑፍ ያለባቸው ፋይሎች ናቸው፣ የትኛው ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ሁሉ ይታያል። ይሄ ጠቀመኝ፣ ምክንያቱም ሁሉንም ብትቀይር እውነተኛው እንግሊዝኛም አብሮ ወደ አማርኛ ጉድ ይለወጣል፣ የድሮው ፎንት ያለበትን ብቻ ለይቶ መቀየር ነው።

ፕሮግራሙ ሰራ፣ ግን የወጣው አማርኛ ግማሹ ልክ ግማሹ ኮልታፋ ነበር። ሁለት ቀን አፈጠጥኩበት። ሶስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ደንበኛ የለም፣ ዝናብ ነው፣ ድንገት ታየኝ፣ ፕሮግራሙ በአንድ ምልክት የሚጻፉትን አስቀድሞ ይቀይራል፣ በሁለት ምልክት የሚጻፉትን በኋላ። ስለዚህ ሁለቱን ሲፈልግ አንደኛው ቀድሞ ተቀይሮ አያገኘውም። ተራውን ገለበጥኩት፣ ረጅሞቹ ይቅደሙ፣ አጭሮቹ ይከተሉ። አንድ መስመር ብቻ ነው የቀየርኩት። ብቻዬን ጮህኩ፣ ጎረቤቴ የጀበና ቡናዋ ልጅ ምን ሆንክ ብላ ሮጣ መጣች፣ ምን ብዬ ላስረዳት።

ከዛ ወዲያ ፊደሎቹን በቁጥር መጫወት ለመድኩ። ፓይተን ላይ ኦርድ የሚል አለ፣ ፊደል ስትሰጡት የዩኒኮድ ቁጥሩን ይነግራችኋል። ሀ 4608 ነው። ሁ 4609። ለ ስትደርሱ 4616። እያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ይዟል ማለት ነው፣ ስለዚህ የተለመዱትን ሰባቱን ፊደላት ቁጥር ለስምንት አካፍላችሁ ቀሪውን ብታዩ ዜሮ ከሆነ ግዕዝ፣ አንድ ካዕብ፣ ሁለት ሣልስ፣ እንዲህ እያለ ሳብዕ ስድስት ላይ ነው። ማ 4635 ነው፣ ለስምንት ሲካፈል ቀሪው ሶስት፣ ራብዕ። ልጅ ሆኜ የኔታ በአለንጋ ያስቆጠሩኝ ገበታ እኮ ነው እዚህ ውስጥ ያለው! ግዕዝ ካዕብ ሣልስ ማለት ምን ይጠቅማል እያልኩ የተነጫነጭኩበትን ፕሮግራም ስጽፍበት፣ ምን ልበላችሁ፣ ትንሽ ዓይኔ ረጠበ።

የአባላቱ ዝርዝርም ፍላሹ ላይ ነበር፣ እሱንም ቀይሬ በተራ አስቀመጥኩት፣ አዲስ ጉድ መጣ። ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሐይሌ፣ ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ሶስት ሰው። ሀ እና ሐ ይቀራረባሉ፣ ኀ ግን ከቸ በኋላ ነው ያለችው፣ ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ተራርቀው ይወድቃሉ። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ እንዲሁ። ለመፈለጊያ ብቻ ሁሉንም ወደ አንድ የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ (ዋናው ጽሑፍ አይነካም፣ ስም የባለቤቱ ነው)፣ ሲያጣራ አንድ አባል በሁለት አጻጻፍ ሁለቴ ተመዝግበው አገኘኋቸው፣ በአንዱ ስማቸው ከፋይ፣ በሌላው የዓመታት ውዝፍ እዳ ያለባቸው።

ያስተካከልኳትን አንዷን መስመር ለፕሮጀክቱ ባለቤት ላክሁለት። ፑል ሪኩዌስት ይባላል፣ አላላክን በጊት ለመማር ብቻ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፣ ኮዱን ከማስተካከል ይልቅ እሱ ነው የከበደኝ። እንግሊዝኛዬ ያሳፍራል ብዬ አራት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት። ከሶስት ሳምንት በኋላ "አመሰግናለሁ" ብሎ በአማርኛ መልሶ አስገባው። በአማርኛ! ያንን ሁሉ እንግሊዝኛ የለቀለቅኩት ለሀበሻ ነው። በኋላ ቋ ቤትም ላይ ስህተት አግኝቻለሁ፣ ገና አልላክሁም፣ ግንቦት ነው።

ጋሼ ደንቡን ሊወስዱ ሲመጡ ወንበር ስቤ ስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ድምጽ እያሰሙ ከአንቀጽ አንድ ጀምረው ያነቡ ገቡ፣ እኔ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ እሳቸው ያነባሉ። የሆነ ቦታ ላይ ዝም አሉ። ቀና ስል ይስቃሉ። "የእድሩን ሰነድ በጥንቃቄ ጉድለት ያጠፋ ጸሐፊ ሃምሳ ብር ይቀጣል" ይላል አንቀጹ። ራሳቸው ናቸው ያኔ ያረቀቁት።

"እና ስንት ልክፈልህ?" አሉኝ ኪሳቸውን እየነኩ። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፣ ማንም ሊወስደው ይችላል፣ ሰጪዎቹም አላስከፈሉኝም አልኳቸው። ደስ ብሏቸው እጃቸውን ከኪሳቸው መለሱት።

"ኧረ ጋሼ፣ ነፃ ነው አልኩ እንጂ በነፃ ነው አልኩ እንዴ? ህትመቱ አስራ ስምንት ገጽ ነው።"